ክፍያው ሐረጎ ላይ፣ ጉዳቱ ሌላ ቦታ፦ «መንገዱ ራሱን ይጠግን» ለሚለው ጽሑፍ ምላሽ

የደሴ–ኮምቦልቻ መንገድ በኤሌክትሮኒክ ክፍያ ይተዳደር የሚል ጽሑፍ ሰሞኑን ብዙ ሰው ሲቀባበለው ሰንብቷል። ሐሳቡ ባጭሩ ይህ ነው፦ በሁለቱ ከተሞች መካከል ባለው የሐረጎ ዳገት ላይ፣ ከመንገዱ በላይ የብረት ፍሬም ይዘርጋ፣ ካሜራ ይሰቀልበት፣ የሚያልፈው ተሽከርካሪ ሁሉ ሰሌዳው እየተነበበ ከባለንብረቱ የቴሌብር ሂሳብ ብር ይቆረጥ፣ የተሰበሰበውም ለዚያው መንገድ ጥገና ይዋል። ማንም አይቆምም፣ ገንዘብ ሰብሳቢ አይቀጠርም፣ ከላይ በጀት መጠበቅም ይቀራል።

ጸሐፊው ከተነሣበት ችግር ጋር ጠብ የለንም። ጥገና ሁልጊዜ ከአዲስ ግንባታ ቀጥሎ የሚታሰብ፣ ብሩም ከሚያስፈልገው በታች የሆነ ሥራ ነው። ጠባችን ከመፍትሔው ጋር ነው። በዚህ ዕቅድ መንገዱን የሚሰብረው ሌላ፣ የሚከፍለው ሌላ ይሆናል። የኤሌክትሮኒክ ክፍያ ይኑር ከተባለ ቦታው ሐረጎ ሳይሆን ኮምቦልቻ ሜዳው ላይ ነው፤ የሚከፈልበትም የመኪናው ማለፍ ሳይሆን አክስሉ፣ ማለትም የግራና የቀኝ ጎማውን የሚያያይዘው ዘንግ፣ የሚሸከመው ክብደት መሆን አለበት። ጽሑፉ ባነሣቸው ነጥቦች ቅደም ተከተል እንሂድ።

«ሁሉም ያልፋል፤ ስለዚህ ሁሉም ይክፈል»

እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1960 አሜሪካ ውስጥ፣ ኢሊኖይ ክፍለ ግዛት ኦታዋ አጠገብ፣ ለሙከራ በተሠሩ መንገዶች ላይ ክብደታቸው የተለያየ የጭነት መኪኖች ሲመላለሱ ቆይተው አስፋልቱ በምን ያህል ጭነት እንደሚሰበር ተለካ። ከዚያ የወጣው ውጤት እስከ ዛሬ የመንገድ ዲዛይን መሠረት ነው፦ ጉዳቱ ከአክስሉ ክብደት ጋር በአራተኛ ደረጃ ያድጋል። አክስሉ የሚሸከመው እጥፍ ሲሆን ጉዳቱ 16 እጥፍ ይሆናል ማለት ነው። የአገራችን የመንገድ ዲዛይን ማኑዋል ደግሞ ደረጃውን 4.5 አድርጎ ነው የሚያሰላው፤ ከዚያም የባሰ።

ይህን ወደ ሐረጎ እናምጣው። ተሳፋሪ የሞላ ሚኒባስ የኋላ አክስሉ ላይ 2 ቶን ያርፋል እንበል። አንድ 10 ቶን የተሸከመ የጭነት መኪና አክስል በአራተኛው ደረጃ ሲሰላ የዚህን 625 እጥፍ ጉዳት ያደርሳል። በአንድ አክስል 600 ኪሎ ከምታሳርፍ የቤት መኪና ጋር ሲወዳደር ደግሞ 77 ሺህ እጥፍ ነው። ያው የጭነት መኪና 10 መሆን የነበረበትን አክስል 13 ቶን ቢያደርገው፣ ትርፉ 30 በመቶ ብቻ ይመስላል፤ ጉዳቱ ግን ወደ 2.9 እጥፍ ይደርሳል፣ በማኑዋሉ ስሌት 3.3 ገደማ። ስለዚህ «ለትልቅ መኪና እጥፍ፣ ለትንሽ ግማሽ» የሚለው የጽሑፉ ታሪፍ ፍትሕ ይምሰል እንጂ ሚኒባሱን የከባዱን መኪና ዕዳ ማስከፈል ነው።

ሐረጎን ማን እንደሚያቋርጥም እንይ። የደሴ ሰው አውሮፕላን የሚሳፈረው ኮምቦልቻ ወርዶ ነው። ወሎ ዩኒቨርሲቲ አንዱ ግቢው ደሴ፣ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ ኮምቦልቻ ነው። ከኮምቦልቻና ከባቲ ሪፈር የተጻፈለት በሽተኛ ደሴ ሆስፒታል የሚደርሰው ያንኑ ዳገት ወጥቶ ነው። ሚኒባሱ ላይ በአንድ ጉዞ 20 ብር ቢጣል፣ ረዳቱ በነፍስ ወከፍ 1 ብር ከ70 ሳንቲም አይጨምርም፤ 5 ብር ነው የሚጨምረው። 12 ሰው በ5 ብር 60 ብር ነው። ሃያው ለመንገዱ ይገባል፤ አርባው የት እንደሚገባ መናኸሪያ የሚውል ሁሉ ያውቀዋል።

በተቃራኒው ከጅቡቲ በሚሌና በባቲ ገርባንና ደጋንን አልፎ የመጣ ከነተሳቢው የጫነ መኪና፣ ጭነቱ የኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ ወይም የኮምቦልቻ ፋብሪካ ከሆነ ሐረጎን ሳያያት ይመለሳል። የባቲን መንገድ ሲያደቅ መጥቶ አንድ ሳንቲም አይከፍልም። ይህን ጸሐፊው ጨርሶ አላነሣውም።

«አማራጭ መንገድ ስለሌለ ማንም አያመልጥም»

ጽሑፉ ይህን እንደ ጥቅም ቆጥሮታል። የመንገድ ክፍያ ዋጋ የሚሆነው ግን «አልፈልግም» ማለት ሲቻል ነው። ከአዲስ አበባ አዳማ የሚሄድ ሰው በፈጣን መንገዱ ካልፈለገ በቢሾፍቱና በሞጆ አሮጌው መንገድ አለለት። ሐረጎ ላይ ያ የለም። ምርጫ በሌለበት የሚሰበሰብ ገንዘብ ግብር ነው፤ ግብር ደግሞ በሕግ አውጪ እንጂ በፍሬም አይጣልም።

«አዲስ አበባ–አዳማ ላይ ሠርቷል»

ሠርቷል፤ ለምን እንደሠራ ግን መጠየቅ ነበረበት። በ2007 መግቢያ ሥራ የጀመረው ያ መንገድ ሲሠራም ታስቦበት የተዘጋ ነው፦ ዙሪያው ታጥሯል፣ መግቢያና መውጫው በጣት የሚቆጠር ነው፣ መግቢያ ላይ ካርድ ተይዞ መውጫ ላይ በተጓዘበት ርቀትና በመኪናው ዓይነት ይከፈላል። የደሴ–ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ግን በየጎኑ ቀበሌ፣ የግቢ በር፣ የድንጋይ መፍለጫ መግቢያ፣ ገበያ የሚወጣ ሰውና አህያ ያለበት ክፍት መንገድ ነው። ክፍት መንገድ ላይ አንድ ፍሬም ሲተከል ርቀት አይለካም፤ ሁለት ኪሎ ሜትር ሄዶ ፍሬሙን ያለፈና ከአዲስ አበባ ወልድያ የሚሄድ እኩል ይከፍላሉ። ፍሬሙ ጋ ሳይደርስ ከዳገቱ ሥር ብቻ ሲመላለስ የሚውል ሲኖትራክ ደግሞ ነፃ ነው።

«ካሜራና ቴሌብር በቂ ነው፤ ወጪው ትንሽ ነው»

ጽሑፉ በሁለት መስመር ያለፈው፣ ዕቅዱ ግን የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው።

መኪና ሳይቆም የሚከፈልበት ሥርዓት ቢያንስ አራት ነገር አንድ ላይ ይፈልጋል፦ መኪናውን የሚለይ፣ የመኪናውን ምድብ የሚያረጋግጥ፣ ሂሳብ የሚቆርጥ፣ ያልከፈለውን የሚከታተል። ካሜራ የመጀመሪያውን ብቻ፣ እሱንም በከፊል ነው የሚሠራው።

ከሰሌዳው እንጀምር። ሶፍትዌሩ ሰሌዳው ላይ ያለውን ፊደልና ቁጥር ሁሉ ካላነበበ መኪናው አልታወቀም። ተሳቢ የራሱ የተለየ ሰሌዳ ስላለው መኪናውን ከኋላ የሚያነሣ ካሜራ የሚያገኘው የተሳቢውን ቁጥር እንጂ የሞተሩን አይደለም፤ ተሳቢ ደግሞ ዛሬ አንዱን፣ ነገ ሌላውን መኪና ይከተላል። ስለዚህ የፊት ካሜራ ግድ ነው። ክረምት ላይ የፊት ሰሌዳ በጭቃ ይሸፈናል፤ በደሴ በኩል ጉሙ ሲወርድ ደግሞ የካሜራው የማታ መብራት ከጉሙ ላይ እየተመለሰ ምስሉን ነጭ ያደርገዋል። ሶፍትዌሩ ያላነበበውን ሰው ዓይቶ ይጽፈዋል። በቀን 5,000 መኪና ቢያልፍና 10 በመቶው ባይነበብ 500 ምስል ነው፤ አንዱ አንድ ደቂቃ ቢወስድ ከ8 ሰዓት በላይ ሥራ። «ሠራተኛ አይቀጠርም» የሚለው እዚህ ላይ አበቃ።

ከካሜራ የሚሻለው ታግ የሚባለው የመስታወት ተለጣፊ ነው። ባትሪ የለውም፤ ከላይ ያለው አንባቢ በሚልከው ሞገድ ኃይል አግኝቶ ቁጥሩን ይመልሳል። ዋጋው ትንሽ ነው፣ ጉምም ጭቃም አያስቸግረውም። የራሱ ጣጣ ግን አለው። ከመስታወቱ የብረት ጠርዝ ጋር ተጠግቶ ከተለጠፈ፣ ወይም መስታወቱ የብረት ቅብ ካለው፣ አይነበብም። ከአንዱ መኪና ተልጦ ሌላው ላይ ይለጠፋል፤ የቤት መኪናን ታግ ከባድ መኪና ላይ ለጥፎ በትንሽ ታሪፍ ማለፍ የታወቀ ዘዴ ነው። ለዚህ መድኃኒቱ አክስል የሚቆጥር የአስፋልት ውስጥ ሴንሰር ወይም የመኪናውን ቁመና የሚቃኝ ሌዘር ነው፤ ታጉ «ሁለት አክስል» ሲል ሌዘሩ «አምስት» ካለ ምስሉ ለምርመራ ይቀመጣል። ተልጦ እንዳይዛወር ደግሞ ሲላጥ የሚቀደድ ዓይነት መገዛት አለበት።

ኤሌክትሪኩን አንርሳ። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ እስኪነሣ የሚያቆይ ባትሪ፣ ኔትወርክ ሲቋረጥ ለቀናት የሚያልፈውን መዝግቦ የሚያቆይ ኮምፒውተር፣ ለመብረቅ ደግሞ በትክክል የተቀበረ የመሬት መስመርና በየገመዱ መከላከያ ያስፈልጋል። በተራራ ላይ የቆመ ብረት ላይ በዚህ የሚቆጥብ ሰው በመጀመሪያው ክረምት አንባቢዎቹን በሙሉ ይቀይራል።

ቴሌብር የመክፈያ መንገድ ነው፤ የመሰብሰብ ሥልጣን የለውም። ሂሳቡ ውስጥ ብር ከሌለስ? መኪናው ከተሸጠ በኋላ ስም ካልዞረስ? በውክልና የሚነዳ መኪና ስንት ነው? ቁልፉ ያለው ዓመታዊ ምርመራው ላይ ነው፤ ዕዳ ያለበት መኪና ቦሎ እንዳያገኝ ማድረግ። ለዚህ የክልሎች የተሽከርካሪ መዝገቦች እርስ በርስ መነጋገር አለባቸው። ይህ ሳይሠራ የሚተከል ፍሬም በአማራ ክልል የተመዘገበውን ብቻ የሚይዝ ወጥመድ ይሆናል።

«ህንድና ደቡብ አፍሪካ አድርገውታል»

ደቡብ አፍሪካን በምሳሌነት መጥራት አይበጅም ነበር። በጋውቴንግ ግዛት፣ በጆሃንስበርግና በፕሪቶሪያ ዙሪያ፣ ልክ ጽሑፉ እንደሚለው ያለ መዝጊያ በፍሬምና በካሜራ የሚሠራ ክፍያ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 2013 ተጀመረ። አብዛኛው አሽከርካሪ አልከፍልም አለ፤ ዕዳው ተቆለለ፤ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2024 መንግሥት ሥርዓቱን ዘጋው። የቴክኖሎጂ ችግር አልነበረም፤ ፍሬሞቹ መኪናውን በደንብ ያዩ ነበር። ያልከፈለውን የሚያስቆም ነገር ግን አልነበረም፤ ሕዝቡም ነዳጅ ላይ እየከፈልኩ ደግሞ ለምን ብሎ ነበር።

ህንድ ተሳክቶላታል፤ ምክንያቱን ግን ጽሑፉ ዘሎታል። ፋስታግ የተባለው የታግ ሥርዓታቸው በስፋት ሲገባ መዝጊያ ባለው የክፍያ ጣቢያ ላይ ነው የተገጠመው። እ.ኤ.አ. ከየካቲት 2021 ወዲህ ግዴታ ሲሆን ታግ የሌለው እጥፍ ይከፍል ነበር፤ መዝጊያው የሚነሣው ከከፈለ በኋላ ነው። ጀርመንም አለች፤ እ.ኤ.አ. በ2005 ስትጀምር ያስከፈለችው ከ12 ቶን ጀምሮ ያሉትን የጭነት መኪኖች ብቻ ነው፣ ያውም በተጓዙበት ኪሎ ሜትር።

«ታዲያ መዝጊያ እናድርግ» የሚል ካለ፣ ሐረጎ ላይ በፍጹም። ደሴ ከኮምቦልቻ ከ600 ሜትር በላይ ከፍ ትላለች። በዚያ ዳገት ላይ የጫነ መኪና ቆሞ ሲነሣ ፍሪሲዮን ያቃጥላል፤ ቁልቁለት ላይ ሰልፍ ካለ ፍሬኑ የጋለ መኪና ከኋላ ሲመጣ የሚሆነው ግልጽ ነው። በተጨማሪ ቀስ ብሎ የሚሄድና የሚቆም ከባድ ጎማ ሬንጁን በሙቀት ሰዓት ይገፋዋል፤ አስፋልቱ በጎማ መስመሩ ይሰረጉዳል፣ በኩርባው ላይ ይሸበሸባል። ጣቢያው ራሱ መንገዱን ይሰብረዋል።

«ነዳጅ ላይ የሚጣለው ክፍያ ጊዜው አልፎበታል»

ግማሹ እውነት ነው። በአዋጅ ቁጥር 66/1989 የተቋቋመው የመንገድ ፈንድ ዋና ገቢው ከነዳጅ በሊትር የሚቆረጥ ነው። በሊትር ይህን ያህል ሳንቲም ተብሎ የተቆረጠ ክፍያ ካልተከለሰ ግሽበት ይበላዋል። ከ2016 ወዲህ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ መከልከሉም ወደፊት ከፋይ ይቀንሳል። ነገር ግን መንገድ የሚሰብረው ከባድ መኪና ዛሬም በናፍጣ ነው የሚሄደው። ነዳጁን ወደ አገር የሚያስገባው አንድ መንግሥታዊ ድርጅት ስለሆነ መሰብሰቢያው ወጪ የለውም ማለት ይቻላል። ከዚህ ጋር የጸሐፊውን ፍሬም እናወዳድር፦ መሰብሰብ ካለበት 100 ብር 70ው ቢገባ፣ ከዚያ 25ቱ ለመለዋወጫ፣ ለኔትወርክ፣ ለምስል አንባቢዎችና ለዕዳ ክትትል ቢወጣ፣ መንገዱ ዘንድ የሚደርሰው 45 ነው። ቁጥሮቹ ለስሌት የተወሰዱ ናቸው፤ ጽሑፉ ግን የራሱን እንኳ አላስቀመጠም።

«ገንዘቡ ካለ መንገዱ ይጠገናል»

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል፤ እዚህ ሥሩም ውሃው ነው። ሐረጎ ላይ መንገዱ የተቆረጠው ከተራራው ጎን ነው። በላይኛው በኩል ያለው የጎን ቦይ በአፈርና በድንጋይ ሲሞላ ውሃው አስፋልቱን አቋርጦ ወደ ገደሉ ይሄዳል። የታችኛውን ትከሻ ያጥበዋል፣ የአስፋልቱ ጠርዝ ደጋፊ አጥቶ ይቆራረጣል፣ ቀጥሎ ሙሌቱ ራሱ ይንሸራተታል። ቦዩ ውስጥ የተኛው ውሃ ደግሞ ከሥር ወደ ቤዝ ኮርሱ፣ አስፋልቱን ወደ ተሸከመው የጠጠር ንጣፍ፣ ይሰርጋል። ውሃ የጠጣ ቤዝ በከባድ ጎማ ሲረገጥ ደቃቁ አፈር በስንጥቁ ወደ ላይ ይተፋል፤ አስፋልት ላይ ነጣ ያለ የጭቃ መስመር ከታየ ከሥር ባዶ እየሆነ ነው። ከዚያ በኋላ ጉድጓዱ የሳምንታት ጉዳይ ነው።

መከላከያው አካፋ፣ ዶማና ጋሪ ነው። የጎን ቦይ በዓመት ቢያንስ ሁለቴ መጠረግ አለበት፦ ክረምቱ ሳይገባ በግንቦት፣ ከወጣ በኋላ በመስከረም፤ በልግ በሚዘንብበት በኛ አካባቢ በጥር መጨረሻ አንዴ ቢደገም ይመረጣል። ውሃውን በመንገዱ ሥር የሚያሳልፈው ካልቨርት አፉ በተለይ ደሴ መውጫ ላይ በሃይላንድና በፌስታል ይደፈናል፤ ከእያንዳንዱ ኃይለኛ ዝናብ በኋላ መታየት አለበት። የተጠረገውን አፈር ቦዩ ከንፈር ላይ መከመር የተለመደ ጥፋት ነው፤ በሚቀጥለው ዝናብ ተመልሶ ይገባል።

ጉድጓድ ሲደፈንም ብሩ የሚባክነው በአሠራር ነው። ዙሪያው እስከ ጤነኛው አስፋልት ድረስ፣ ከተሰነጠቀው ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር አልፎ፣ ቀጥ ባለ ግድግዳ በአራት ማዕዘን ይቆረጣል። ውሃና አቧራ ይወጣል። ወለሉና ግድግዳው ሬንጅ ይቀባል፤ በስሱ፣ ኩሬ እስኪሠራ አይደለም። ድብልቁ ከ5 እስከ 7 ሴንቲ ሜትር በሆነ ንጣፍ እየተጠቀጠቀ ይሞላል፤ ጥልቅ ጉድጓድን በአንድ ጊዜ ሞልቶ ከላይ መርገጥ ከሥር ልቅ ያስቀረዋል። እርጥብ ጉድጓድ ውስጥ ድብልቅ ደፍቶ በመኪና ጎማ ማስረገጥ ግን እስከሚቀጥለው ዝናብ ነው። ይህን የሚቆጣጠር ሰው ከሌለ የክፍያው ብር የሚገባው ያው ጉድጓድ ውስጥ ነው፣ በየዓመቱ።

ታዲያ ምን ይደረግ?

ከከባድ መኪና በክብደት ማስከፈል ይቻላል፤ ለዚህም መኪና ሳይቆም የሚመዝን ሴንሰር አለ። አስፋልቱን አቋርጦ ይቀበራል፤ እያንዳንዱ አክስል ሲረግጠው ይመዝናል፣ ከላይ ያለው አንባቢ ታጉን ያነባል። ግን ሜዳ ይፈልጋል፦ ከሴንሰሩ በፊት 60 ሜትር፣ በኋላ 30 ሜትር ያህል ቀጥ ያለ፣ ለስላሳ፣ ተዳፋቱ ከ2 በመቶ ያልበለጠ አስፋልት። በዳገት ላይ የመኪናው ክብደት ወደ ኋላ አክስል ስለሚሸሽና ጎማው ስለሚነጥር ንባቡ ይዛባል። ሐረጎ ላይ እንዲህ ያለ ቦታ የለም። ኮምቦልቻ ላይ ግን በባቲ በር በኩልና ወደ ሐርቡ መውጫ ሜዳው ላይ ሊገኝ ይችላል። ሁለቱ በሮች ላይ ሲነበብ መኪናው ከየት መጥቶ ወዴት እንደሄደም ይታወቃል፤ ኮምቦልቻ ላይ የሚያራግፈውም አያመልጥም። መረሬ አፈር ባለበት ግን ሴንሰሩ ከመቀበሩ በፊት አፈሩ ተቆርጦ ወጥቶ በተመረጠ ማቴሪያል መተካት አለበት፤ አለበለዚያ በበጋ ሲሰነጠቅ በክረምት ሲያብጥ አስፋልቱን ያንሳፍፈዋል፣ ሚዛኑም ዋጋ አይኖረውም።

የዚህ ሴንሰር ንባብ በጠቅላላ ክብደት እስከ 10 በመቶ ሊሳሳት ስለሚችል ለመቅጣት አይበቃም። የሚጠረጠረውን ለይቶ ወደ ቋሚው ሚዛን ለመምራት ነው። እዚያ ከመጠን በላይ የጫነ ሆኖ ከተገኘ ትርፉን ማውረድ አለበት፤ ለዚህም ማራገፊያ ሜዳና መጋዘን ከሚዛኑ ጎን መኖር አለበት። ቅጣቱን ከፍሎ ትርፉን እንደጫነ የሚሄድ መኪና መንገድ የመስበር ፈቃድ ገዝቷል ማለት ነው። ሴንሰሩም ክብደቱ በታወቀ መኪና በተለያየ ፍጥነት እየተደጋገመ መስተካከል አለበት፤ አስፋልቱ በታደሰ ቁጥር እንደገና።

ጸሐፊው ታሪፍ ይዞ ሊመለስ ከፈለገ ሦስት ቁጥር ያምጣ። አንደኛ፣ በየመኪናው ዓይነት የተለየ የ7 ቀንና የ24 ሰዓት ቆጠራ፤ ሐሙስ ቀን ብቻ ተቆጥሮ የገበያው ቀን የቀረበት ወይም ሌሊት የሚጓዙት ተሳቢዎች የጎደሉበት አይሁን። ሁለተኛ፣ ከሚያልፈው ውስጥ አገር አቋራጩ ስንት፣ በደሴና በኮምቦልቻ መካከል የሚመላለሰው ስንት እንደሆነ። ሦስተኛ፣ ከተፈቀደው አክስል በላይ የሚጭነው ስንት መቶኛ እንደሆነ። በሦስቱ ቁጥር ማን ምን ያህል መክፈል እንዳለበት በአንድ ገጽ ይሰላል።